ከባሕር ዳር የተነሣ አውሮፕላን የማን ሕግ ይከተላል?

በባሕር ዳር ከተማ የሹም አቦ ነዋሪ የሆነ መንገደኛ ወደ አዲስ አበባ ለመብረር ከከተማዋ በስተምዕራብ ወደሚገኘው አውሮፕላን ማረፊያ ሲሄድ ቀበቶውን ይፈታል፣ ኪሱን ያራግፋል፣ በቦርሳው ቢላዋ ካለም ይለቃል። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ የአውሮፕላን ማረፊያው የራሱ ሥርዓት አድርጎ ይቆጥረዋል። በር ላይ የቆመው ፈታሽ ግን የሚፈጽመው መንግሥታት በጋራ የተስማሙበትን ደንብ ነው።

የደንቡ መነሻ በኅዳር 1937 ዓ.ም. የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት ነው። ስምምነቱ እያንዳንዱ መንግሥት በራሱ ሰማይ ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው አስቀድሞ ደንግጎ፣ በረራን በሚመለከት ግን አገሮች በአንድ ወጥ ደንብ እንዲሠሩ ዓለም አቀፉን የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) አቋቁሟል። ኢትዮጵያም ከቀደምት አባላቱ አንዷ ናት። ዛሬ አባላቱ 193 ደርሰዋል።

የድርጅቱ ደንቦች በአባሪዎች ተከፋፍለው የተጻፉ ሲሆን፣ ለጸጥታ ጉዳይ የተመደበው አባሪ 17 ነው። የአውሮፕላን ጠለፋ በዓለም ዙሪያ በበረታበት ዘመን፣ በ1966 ዓ.ም. ጸደቀ። እያንዳንዱ አባል አገር ኃላፊነቱን የሚወስድ አንድ ባለሥልጣን እንዲሰይም፣ ብሔራዊ የአቪዬሽን ጸጥታ ፕሮግራም እንዲኖረው፣ መንገደኛና ሻንጣ ሳይፈተሹ እንዳይሳፈሩ ያስገድዳል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም የኢካኦ ኦዲተሮች ወደ አባል አገሮች እየሄዱ አፈጻጸሙን ይመረምራሉ። በኢትዮጵያ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዘርፉን ሲቆጣጠር፣ በማረፊያዎች ያለው የጸጥታ ሥራ በብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት ሥር ነው።

እዚህ ላይ የቃል ነገር መነሣት አለበት። በአማርኛ «የበረራ ደህንነት» ሲባል ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች በአንድ ስም ይጠራሉ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣው ቦይንግ 737 ሞተሮቹ ውስጥ ርግቦች ገብተው ወድቆ ከ104 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 35ቱ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ያ አደጋ ነው፤ ማንም አስቦ አላደረሰውም። አባሪ 17 የሚመለከተው ግን ሰው ሆን ብሎ የሚያደርሰውን ጥቃት ነው። ለአውሮፕላን ማረፊያው አጎራባች አርሶ አደሮች ሁለቱም ይመለከቷቸዋል፤ ወፍ የሚስብ ቆሻሻ አለመከማቸቱ የመጀመሪያው ጉዳይ ሲሆን፣ የማረፊያው አጥር አለመደፈሩ ሁለተኛው ነው።

ጥቃት ከደረሰ በኋላስ ማን ይዳኛል? ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራሊያ እንዲበር አዘዙ፤ ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ ሞቱ። አውሮፕላኑ የኢትዮጵያ፣ ባሕሩ የኮሞሮስ፣ ተሳፋሪው ደግሞ የብዙ አገር ዜጋ ነበር። መንግሥታት በ1956 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ በ1963 ዓ.ም. በሄግ፣ በ1964 ዓ.ም. በሞንትሪያል የተፈራረሟቸው ውሎች እንዲህ ያለውን ውጥንቅጥ ለመፍታት የተዘጋጁ ናቸው። ከሦስቱ የሄጉ ስለ ጠለፋ የተጻፈ ሲሆን፣ ዋና አንቀጹ ግልጽ ነው፤ ጠላፊው የተያዘበት አገር ወይ አሳልፎ ይሰጠዋል፣ ወይ ጉዳዩን ለራሱ ዐቃቤ ሕግ ያቀርባል። ዝም ብሎ መልቀቅ አይቻልም።

አንቀጹ በሥራ ላይ ሲውል የታየው በየካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። ወደ ሮም ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ፣ ዋናው አብራሪ ለመጸዳዳት በወጣበት ቅጽበት በሩን ቆልፎ ወደ ጄኔቫ አዞረው። ከመስከረም 2001 (እ.ኤ.አ.) የኒውዮርክ ጥቃት በኋላ የአብራሪዎች ክፍል በር እንዲጠነክር የተደረገው ጠላፊን ከውጭ ለመከልከል ነበር፤ በዚያ ሌሊት ግን በሩ የጠበቀው ጠላፊውን ራሱን ሆነ። ከ200 በላይ የነበሩት ሰዎች በሰላም ወረዱ። ኢትዮጵያ ተላልፎ እንዲሰጣት ጠየቀች፤ ስዊዘርላንድ አልሰጠችም። ጉዳዩን በራሷ ዐቃቤ ሕግ አስመርምራ፣ ሰውየው በአእምሮ ሕመም ምክንያት በወንጀል እንደማይጠየቅ ተወስኖ ሕክምና ታዘዘለት። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ግን በሌለበት 19 ዓመት ከስድስት ወር እስራት ፈርዶበታል። አንድ ድርጊት ሁለት ውሳኔ አገኘ። ሁለቱ አገሮች የተለያየ ፍርድ መስጠታቸው ውሉ ፈረሰ ማለት አይደለም፤ ውሉ የሚያስገድደው ጉዳዩ በሕግ እንዲታይ እንጂ ፍርዱ አንድ እንዲሆን አይደለም።

ለባሕር ዳር ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ታሪክ ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ የቀረው ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 1993 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የተነሣ አንቶኖቭ አውሮፕላን ተጠልፎ ካርቱም አረፈ፤ ነገሩም በድርድር አበቃ። አውሮፕላኑ የአየር ኃይል ነበር። የሄጉ ውል ደግሞ በወታደራዊ፣ በጉምሩክና በፖሊስ አገልግሎት ላይ ባሉ አውሮፕላኖች ላይ እንደማይሠራ በግልጽ ይደነግጋል። በውስጡ የተሳፈረው ሰው ሲቪል ቢሆንም ባይሆንም፣ እንዲህ ያለው ጠለፋ መፍትሔ የሚያገኘው በሁለቱ ጎረቤት መንግሥታት የወቅቱ ግንኙነት ነው። ይህ ክፍተት ዛሬም በውሉ ውስጥ እንዳለ ነው።

የመንግሥታቱ ትብብር ከመንገደኛ አልፎ ጭነትንም ይነካል። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ከየመን በተላኩ የማተሚያ ማሽን ቀለም መያዣዎች ውስጥ ፈንጂ ከተገኘ በኋላ፣ የአውሮፓ ኅብረት ከሌሎች አገሮች ጭነት የሚያመጡ አየር መንገዶች የጸጥታ አሠራራቸው በኅብረቱ መርማሪዎች ተረጋግጦ ፈቃድ እንዲያገኙ ደነገገ። በቦሌ በኩል ወደ አውሮፓ የሚላክ አበባ ሁሉ በዚህ መስፈርት ያልፋል። አበባ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም። ፍተሻው ከተጓተተ ኪሳራው በአልሚውና በቀን ሠራተኛው ላይ ይወድቃል።

በእጅ ቦርሳ ለሚጓዘው ደግሞ የማርና የቅቤ ጉዳይ አለ። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በለንደን በፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላኖችን የመምታት ሴራ ከተደረሰበት ወዲህ፣ በአብዛኛው ዓለም አቀፍ በረራ በእጅ የሚያዝ ፈሳሽና ቅባት ነገር በየዕቃው ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ተደርጓል። ማርና ቅቤም በዚሁ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ውጭ አገር ላለ ልጁ ማር የሚወስድ አባት በደንብ አሽጎ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ በሚገባው ሻንጣ ማድረግ ይኖርበታል። መዳረሻው አገር ማሩን ይቀበለው እንደሆነ ግን ሌላ ሕግ ነው፤ ያንን የሚወስነው የዚያ አገር የእንስሳትና የዕፅዋት ጤና ቁጥጥር ስለሆነ ከጉዞው በፊት አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።