የካርቦን ግብር በአውስትራሊያ፦ ከመጽደቅ እስከ መሻር

የካርቦን ግብር ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ በሚመነጨው የካርቦን ልቀት መጠን ልክ የሚጣል ክፍያ ነው። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1990 በዓለም የመጀመሪያዋ ሆና ተግባራዊ አድርጋዋለች። የግብሩ መጽደቅ ለዘላቂነቱ ዋስትና እንደማይሆን ግን የአውስትራሊያ ተሞክሮ ያሳያል።

ጠቅላይ ሚኒስትር ጁሊያ ጊላርድ ከ2010ሩ ምርጫ በፊት የካርቦን ግብር እንደማይጥሉ ለመራጩ ሕዝብ ተናግረው ነበር። ሆኖም የትኛውም ወገን አብላጫ መቀመጫ ባለማግኘቱ በግሪንስ ፓርቲና በግል ተመራጮች ድጋፍ መንግሥት መሠረቱ። ከዚህ በኋላ የወጣው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2012 ጀምሮ ከፍተኛ ልቀት ያላቸውን ድርጅቶች በቶን 23 የአውስትራሊያ ዶላር አስከፈለ። ለሕዝቡ ማካካሻ እንዲሆንም ከገቢ ግብር ነፃ የሆነው ዓመታዊ ገቢ ከ6,000 ወደ 18,200 ዶላር ከፍ ተደረገ።

የተቃዋሚዎች መሪ ቶኒ አቦት በበኩላቸው ክርክሩን በታጠፈው ቃልና በኤሌክትሪክ ዋጋ ላይ አደረጉ። በ2013ቱ ምርጫም አሸነፉ፤ ሕጉ በጁላይ 2014 ተሻረ። የ18,200 ዶላሩ ማካካሻ ግን ከግብሩ መሻር በኋላም ጸንቶ ቆይቷል። መራጩ የሚያየው የመብራት ሂሳብ ከማካካሻው ይልቅ የፖለቲካ ክብደት ነበረው።