የጓሮ ቤት ታሪክ፤ ከአዲስ አበባ ሰርቪስ እስከ ኦሃዮ የቦታ ሕግ

የከተማ ታሪካችን እስካሁን በአመዛኙ የቤተ መንግሥትና የአደባባይ ታሪክ ሆኖ ቆይቷል። ከትልቁ ቤት ኋላ፣ ከአጥር ጥግ ስለ ተሠራችው ትንሽ ቤት የተጻፈው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ መንግሥት ቤተሰብን እንዴት እንደሚቆጥር ለመረዳት ይህች ቤት ከአደባባዩ ይልቅ ግልጽ ማስረጃ ትሰጣለች ብለን እናምናለን።

እንደሚታወቀው፣ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የተዋቀረችው በመኳንንቱ ሰፈሮች ነበር። በጌታው ግቢ ዙሪያ አሽከሩ፣ ወታደሩና ባለሙያው ጎጆ ቀልሶ ይኖር ነበር። ኋላም የቪላ ቤት ሲስፋፋ ይኸው ልማድ «ሰርቪስ» የሚል የባዕድ ስም ይዞ ቀጠለ፤ ወጥ ቤት፣ የሠራተኛ ክፍልና ዕቃ ቤት በአንድ ረድፍ ከጓሮ ተሠሩ። ከነዚህም ከፊሎቹ ለተማሪው፣ ለአነስተኛ ደመወዝተኛውና ከገጠር ለመጣው ሰው ይከራዩ ጀመር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤትና እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ተፈቀደ። እስከ 300 ብር የሚደርሰው ወርሃዊ ኪራይ ከመቶ ከ15 እስከ 50 እጅ ተቀነሰ፤ ይህም ለድሃው ተከራይ እውነተኛ እፎይታ እንደ ነበረ መካድ አይገባም። ነገር ግን አዋጁ ብዙ ሕንጻ ያከራይ የነበረውን መስፍንና በጓሮዋ ሁለት ክፍል አከራይታ ልጆቿን የምታሳድገውን እናት በአንድ ስም፣ «የትርፍ ቤት ባለቤት» ብሎ ጠራቸው። ለግል ማከራየት በመከልከሉም ለኪራይ ብሎ የሚሠራ ጠፋ፤ ሕዝቡ ሲበዛ በነበሩት ክፍሎች ላይ ደባል ተጨመረ። በአንድ አጥር ውስጥ የግልና የቀበሌ ቤት ጎን ለጎን የቆሙበት «ቅይጥ ይዞታ»ም የዚያ ዘመን ቅርስ ነው።

ቤተሰብን በሕግ ልክ መስፈር ግን የሶሻሊዝም ብቻ ጠባይ አልነበረም። ኮሎምበስ በምትገኝበት በኦሃዮ ግዛት፣ ከዩክሊድ ከተማ በተነሣ ክርክር፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1926 እ.ኤ.አ. ከተሞች ቦታን በአገልግሎት እንዲከፋፍሉ ፈቀደ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ጆርጅ ሰዘርላንድ በባለአንድ ቤተሰብ ሰፈር የሚሠራን የጋራ መኖሪያ ሕንጻ ከጥገኛ ተባይ ጋር አመሳስለውታል። ከዚያ ወዲህ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች በአንድ ቦታ ላይ ሁለተኛ መኖሪያ መሥራት ክልክል ሆነ። ካሊፎርኒያ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባወጣቻቸው ሕጎች የጓሮ ቤትን ፈቅዳለች። ኮሎምበስም በ2024 እ.ኤ.አ. በዋና ዋና ጎዳናዎቿ ዳር ብዙ መኖሪያ እንዲሠራ ሕጓን አሻሽላለች።

እንግዲህ አንዱ ሥርዓት ወረሰ፤ ሌላው ከለከለ። ሁለቱም ግን ቤተሰብ ማለት ባል፣ ሚስትና ልጆች ብቻ ነው ከሚል ግምት ተነሡ። በእኛ ልማድ ደግሞ አማትም፣ ከአገር ቤት የመጣ የአጎት ልጅም፣ ጡረታ የወጣ አባትም ቤተሰብ ናቸው፤ ስደተኛው ኢትዮጵያዊም ወላጆቹን ሲያስመጣ ይህ ጥያቄ ከበሩ ይደርሳል።

በአገራችን በ2016 ዓ.ም. የቤት ኪራይ መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1320 ወጥቷል። አከራይ የሚባለው ሁሉ እኩል ባለጸጋ አለመሆኑን ሕግ ካልለየ፣ የ1967ቱ ስሕተት በሌላ ስም እንዳይደገም ያሠጋናል።