የጭላዳ ሁለት የወሊድ ወቅቶች

ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል የስሜንን ጭላዳ ዝንጀሮ ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1835 ነው። ሴቷ መቼና በምን ምክንያት እንደምታረግዝ ለመረዳት ግን ከዚያ በኋላ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ወስዷል።

የመጀመሪያው ማስረጃ በዓይን የሚታይ ነበር። የሴቷ ጭላዳ ደረት ጸጉር በሌለው ቆዳ የተሸፈነ ሲሆን ዳር ዳሩን ዶቃ የመሰሉ ፊኛዎች ከበውታል፤ የመጠቃቷ ጊዜ ሲደርስ ፊኛዎቹ ያብጣሉ። እንግሊዛዊው ሊዮናርድ ሃሪሰን ማቲውስ ይህን የአካል ጠባይ በ1956 በጽሑፍ አስፍሯል። በ1970ዎቹ ተመራማሪው ሮቢን ደንባርና ባለቤቱ ፓትሲ በስሜን ተራሮች ሳንቃበር ላይ ተቀምጠው የመንጋውን ኑሮ አጠኑ፤ መንጋው አንድ ወንድ በሚመራቸው ቤተሰቦች የተዋቀረ እንደሆነ፣ መሪውንም ሌላ ወንድ ታግሎ እንደሚነጥቀው መዘገቡ። ይሁንና የደረቱ ምልክት ማሕፀን ውስጥ የሚሆነውን አይናገርም።

ይህን ክፍተት የሞላው ፋንድያ ነው። ቶር በርግማንና ጃሲንታ ቢህነር በ2006 በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የጀመሩት ጥናት እያንዳንዷን ሴት በመልኳ ለይቶ ያውቃል። ተመራማሪው ሴቷ እስክትጥል ይጠብቃል፤ ከፋንድያው ጥቂት አንስቶ ሜታኖልና አሴቶን ውስጥ ያሟሟል፣ ያጣራል፣ ለላቦራቶሪ ያስቀምጣል። ሰውነት ሰባብሮ የሚያስወጣው ሆርሞን እዚያ ስለሚገኝ እንስሳዋን መያዝም ደሟን መቅዳትም አያስፈልግም።

በ2012 ኢላ ሮበርትስና ባልደረቦቿ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ውጤት አስደንጋጭ ነበር፤ አዲስ ወንድ ቤተሰቡን ሲነጥቅ ነፍሰ ጡር ከሆኑት ሴቶች 80 በመቶ ያህሉ ጽንሳቸው ይቋረጣል። ነጣቂው የሚጠቡ ግልገሎችንም ብዙ ጊዜ ይገድላል።

ኤሊዛቤት ቲንስሊ ጆንሰንና ባልደረቦቿ በ2018 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ የብዙ ዓመታት መዝገብ ይዞ ቀረበ። ወሊድ የሚበረክትባቸው ሁለት ጊዜያት ተገኙ። አንደኛው ከአየሩ ጋር የተያያዘ ነው፤ የመራቢያ ሆርሞኑ ኢስትሮጅንና የጭንቀት ሆርሞኖች ከሙቀቱና ከዝናቡ ጋር ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ በዚህ ጊዜ የተወለዱ ግልገሎችም የመትረፍ ዕድላቸው ይበልጣል። ሁለተኛው የሚመጣው በየዓመቱ ንጥቂያ የሚበዛባቸው ወራት ካለፉ በኋላ ነው፤ ከንጥቂያ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት የሴቶቹ ኢስትሮጅን ይጨምራል፣ ቀጥሎም ተቀራርበው ይወልዳሉ።

በአንድ ዓመት የተሰበሰበ ማስረጃ እነዚህን ሁለቱን መለየት ባልቻለ ነበር። የስሜንን ጭላዳ መጠበቅ የሚሻ ሁሉ ብርዱንና ዝናቡን ሲመዘግብ የየቤተሰቡን የሥልጣን ለውጥም አብሮ መመዝገብ ይኖርበታል፤ የመውለጃው ወቅት በሁለቱም ይወሰናልና።