የተማሪዎች የሮቦት ውድድር፦ ዕቃና ንድፍ መጋራት ከፍትሃዊነት አንፃር

በሮቦት ውድድር የሚሳተፉ የተማሪ ቡድኖች ሞተር፣ ሴንሰር፣ ንድፍና የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲዋዋሱ ይታያል። መዋዋሱ መልካም ልማድ ቢሆንም የት ላይ መቆም እንዳለበት በደንብ ካልተወሰነ ሽልማቱ ለማን ይገባል የሚል ቅሬታ ማስከተሉ አይቀርም።

ጥያቄው ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ በሚገኘው ቴዎድሮስ አደባባይ አምሳያው የቆመለት የሴባስቶፖል መድፍ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ሲሆን፣ የተሠራው በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት ነው። ሥራውን ያከናወኑት አፄ ቴዎድሮስ በዚያ ያሰባሰቧቸው አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆነው ነው። በ1860 ዓ.ም ወደ መቅደላ የተጓጓዘው ዋናው መድፍ እስከ ዛሬ በአምባው ላይ ይገኛል። ዕውቀቱ ከውጭ፣ ትዕዛዙና ጉልበቱ ከአገር ውስጥ የመጣ ሥራ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በተማሪዎች ውድድር ላይ በሌላ መልኩ ይነሳል።

በዘርፉ ስመ ጥር ከሆኑት ድርጅቶች አንዱ አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ዲን ካመን እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረተው ፈርስት ሲሆን፣ የመጀመሪያ ውድድሩን ያካሄደው እ.ኤ.አ. በ1992 ነበር። በዚህ ውድድር ቡድኖች የሚጫወቱት ለየብቻ ሳይሆን በኅብረት ተቧድነው ነው። የዛሬው አጋር በሚቀጥለው ዙር ተቀናቃኝ ሊሆን ስለሚችል መረዳዳት የውድድሩ አንድ አካል ተደርጎ ይወሰዳል።

ይሁን እንጂ የመረዳዳቱ መጠን ማከራከሩ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት ናያጋራ አካባቢ የሚገኙ ሦስት ቡድኖች በጋራ ባወጡት ንድፍ ተመሳሳይ ሮቦቶች ሠርተው መቅረባቸው ሰፊ ክርክር አስነስቶ ነበር።

የትብብሩ ደጋፊዎች በእውነተኛው የምህንድስና ሥራ ማንም ከባዶ እንደማይነሳና አቅም የሌለው ቡድን ከጠንካራው ጋር ተባብሮ ፈጥኖ እንደሚማር ያስረዳሉ። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው የሦስት ትምህርት ቤቶች ገንዘብ፣ መሣሪያና አሠልጣኝ ለአንድ ንድፍ ሲውል ለብቻው የሚሠራ ቡድን ሊቋቋመው እንደማይችል ይገልጻሉ። ያለቀለት ዕቃ የተቀበለ ተማሪም ዋናውን ትምህርት፣ ማለትም ሠርቶ መሳሳትንና ማረምን፣ እንደሚያጣ ይጠቅሳሉ።

ፈርስት ከጊዜ በኋላ በደንቡ ያሰፈረው ድንበር የሁለቱንም ወገኖች ሐሳብ ያቀፈ ነው። በደንቡ መሠረት ሮቦቱንና ዋና ዋና ክፍሎቹን መሥራት ያለበት ቡድኑ ራሱ ነው። የሌላውን ቡድን ሮቦት በመጠገን ወይም አነስተኛ ዕቃ በመስጠት መርዳት ይፈቀዳል፤ ለሮቦቱ እንቅስቃሴ ወይም ዕቃ ለማንሳት የሚያገለግል የተሟላ ክፍል ሠርቶ መስጠት ግን አይፈቀድም። ከውድድሩ ዘመን በፊት የተዘጋጀ ንድፍና ፕሮግራምም ጥቅም ላይ የሚውለው አስቀድሞ ለሁሉም ይፋ ከሆነ ብቻ ነው። በመሆኑም ለሁሉም በእኩል ጊዜ የተከፈተ ንድፍ እንደ ጋራ ሀብት ሲቆጠር፣ በጥቂቶች መካከል የተያዘው ግን እንደ ልዩ ጥቅም ይታያል።

ለአገሮች ቡድኖች የተቋቋመው ፈርስት ግሎባል ደግሞ ለሁሉም አንድ ዓይነት የዕቃ ስብስብ በመላክ እኩልነትን ለማስፈን ይጥራል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 በዋሽንግተን የተካሄደው የመጀመሪያው ውድድር ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ150 በላይ አገሮችን ያሳተፈ ነበር። ይሁንና አንድ ዓይነት ዕቃ መላክ ብቻውን እኩልነትን አላረጋገጠም። የአፍጋኒስታን ልጃገረዶች ዕቃ በጉምሩክ ዘግይቶባቸዋል። የኢራን ቡድን በማዕቀብ ምክንያት ዕቃው ሊደርሰው ባለመቻሉ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት የሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሮቦቱን በኢራናውያኑ ስም ሠርተውለታል። አንዱ ቡድን ለሌላው ሮቦት መሥራቱ በሌላ ጊዜ ደንብ መጣስ ሊባል ሲችል፣ በዚህ አጋጣሚ ግን ቡድኑን ከውድድር ውጪ ከመሆን ያዳነ ፍትሃዊ እርምጃ ሆኗል።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አይኮግ ላብስ እንዲሁም በዩኒቨርሲቲዎች የተከፈቱት የስቴም ማዕከላት ወጣቶችን ከሮቦቲክስ ጋር በማስተዋወቅ ላይ ይገኛሉ። ሞተሩና ሴንሰሩ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ በመሆኑ በአገር ውስጥ መዋዋስ ከምርጫ ይልቅ ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። መጋራትን ጨርሶ የሚከለክል ደንብ ጉዳቱ የሚያርፈው ዕቃ መግዛት በማይችለው ትምህርት ቤት ላይ ነው። ገደብ የሌለው መጋራት ደግሞ ከባለ አቅም ጋር የተወዳጀውን ይጠቅማል።

የሕጉ ሁኔታም ሊጤን ይገባል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን የሚጠብቅ ሲሆን፣ ጥበቃው ሐሳቡን ራሱን አይመለከትም። ስለዚህ የሌላውን ቡድን ሮቦት አይቶ በተመሳሳይ መንገድ መሥራትና የጻፈውን ፕሮግራም ሳያስፈቅዱ መገልበጥ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ደግሞ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ለመስጠት አዲስነትን ይጠይቃል። ሥራቸውን ለማስመዝገብ የሚያስቡ ተማሪዎች ንድፋቸውን ይፋ ከማድረጋቸው በፊት ምክር እንዲያገኙ ማድረግ የአሠልጣኞች ተግባር ነው።

ውድድር የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች በደንባቸው ቢያንስ አራት ነጥቦችን ለይተው ቢያሰፍሩ ቅሬታን አስቀድሞ መቀነስ ይቻላል። አንደኛ፣ ከገበያ የተገዛ ወይም የተዋሰ ተራ ዕቃ ለሁሉም የተፈቀደ መሆኑን መግለጽ፤ ሁለተኛ፣ ተሠርቶ ያለቀ ዋና ክፍል ከሌላ ቡድን መቀበልን መከልከል፤ ሦስተኛ፣ ከሌላ የተገኘ ንድፍና ፕሮግራም ምንጩ በጽሑፍ እንዲጠቀስ ማስገደድ፤ አራተኛ፣ ተማሪዎቹ የሮቦታቸውን አሠራር ለዳኞች በቃል እንዲያስረዱ ማድረግ ናቸው።

በተለይ አራተኛው ነጥብ ወጪ የማይጠይቅና ለማንኛውም ትምህርት ቤት የሚመች ነው። ዕቃው በውሰት የመጣ ቢሆንም ተማሪው ለምን እንደመረጠው፣ እንዴት እንደገጠመውና ሲበላሽ ምን እንዳደረገ ማስረዳት ከቻለ ሥራው የእርሱ መሆኑን ዳኞች ለመለየት አይቸገሩም። ደንቡ ከውድድሩ በኋላ ሳይሆን ከምዝገባው ጋር አብሮ ለሁሉም ትምህርት ቤቶች እንዲደርስ ማድረግም የአዘጋጆቹ ኃላፊነት ይሆናል።