የወገብ ሕመምና የሁለት ጥበባት ጠብ

ሰው ወገቡን በታመመ ጊዜ ሥራውም አብሮት ይታመማል። ገበሬውን ከሞፈሩ፣ ሸማኔውን ከመወርወሪያው፣ ጸሓፊውንም ከወንበሩ የሚለየው ይኸው ደዌ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፣ በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው የወገብ ሕመም ነበረባቸው። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) በሽተኛውም ከጥንት ጀምሮ በሁለት በሮች መካከል ቆሞ ይገኛል፤ አንደኛው የሐኪሙ፣ ሁለተኛው የወጌሻው በር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የሁለቱ በሮች ጠብ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ደረሰ ነው።

በመጀመሪያ ጠብ አልነበረም። በግሪካዊው ሐኪም በሂፖክራጥስ ስም ከቆዩት መጻሕፍት መካከል ስለ መገጣጠሚያዎች የሚናገረው፣ አከርካሪው የጎበጠ ሰው በሳንቃ ላይ ተዘርግቶ ሲሳብ ሐኪሙ በመዳፉ እንዲጫነው ያዝዛል። እጅና መድኃኒት የአንድ ሰው ሙያ ነበሩ ማለት ነው።

መለያየቱ ጎልቶ የታየው በአሜሪካ ነው። ሐኪሙ አንድሩ ቴይለር ስቲል በ1864 ሦስት ልጆቹን በማጅራት ገትር ካጣ በኋላ በዘመኑ መድኃኒት ላይ የነበረው እምነት ተናወጠ። በ1874 አጥንትንና ጡንቻን በእጅ ማከምን መሠረት ያደረገውን ኦስቲዮፓቲ አስታወቀ፤ በ1892ም በኪርክስቪል ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1895 ደግሞ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር በዳቨንፖርት ከተማ ኪሮፕራክቲክ የተባለውን ሙያ ጀመረ። በሐኪሞቹ በኩል በ1934 ሚክስተርና ባር የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች፣ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ተሰንጥቆ ነርቭን ሲጫን ወገብንና እግርን እንደሚያሳምም ገለጡ፤ ከዚያም ወዲህ የቀዶ ጥገና ተስፋ ከፍ አለ።

እያንዳንዱ ወገን እውነትን ለብቻው እንደ ያዘ አሰበ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1963 ኪሮፕራክቲክን የሚዋጋ ኮሚቴ አቋቋመ። ኪሮፕራክተሮች በ1976 ከሰሱ፤ በ1987ም ፍርድ ቤቱ ማኅበሩ የነፃ ውድድርን ሕግ ተላልፏል ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ግን ስለ ሕግ እንጂ ስለ ሕክምናው ትክክለኛነት የተሰጠ ምስክርነት አልነበረም። ምስክርነቱ ከምርምር መምጣት ነበረበት።

ምርምሩም ሁለቱንም ወገን ትሕትና አስተማረ። በ1994 በታተመ ጥናት ወገባቸውን ፈጽሞ የማያማቸው 98 ሰዎች በኤም አር አይ ሲታዩ፣ ዲስካቸው ሁሉ ደኅና ሆኖ የተገኘው ከመቶ 36ቱ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ በምስሉ የታየው ሁሉ የሕመሙ ምክንያት አይደለም። በ2004 በብሪታንያ 1,334 በሽተኞች የተካፈሉበት ጥናት ታተመ፤ በመደበኛው የሐኪም ሕክምና ላይ በእጅ የሚደረግ የአከርካሪ ሕክምና ሲጨመር፣ በተለይም እንቅስቃሴ ሲከተለው፣ ጥቅም ተገኘ። ጥቅሙ ግን መጠነኛ እንጂ ተአምር አልነበረም። በ2023 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ትምህርትን፣ የሰውነት እንቅስቃሴን፣ መታሸትንና በእጅ ማከምን እንደ አማራጭ አቀረበ፤ ያንን የጥንቱን ስበት ግን አልደገፈውም።

ይህ ታሪክ እኛንም ይነካናል። በአገራችን ስንቱ ሰው ነው ወጌሻ ዘንድ መሄዱን ከሐኪሙ፣ መድኃኒት መዋጡንም ከወጌሻው የሚሸሽግ! መሸሸጉ ስድብን ፈርቶ ነው፤ የሚጎዳው ግን ራሱ ነው። የአከርካሪ ነቀርሳ የያዘውን ሰው ወገብ ማሸት ወይም መጫን ትልቅ አደጋ አለው። ትኩሳት ያለው፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ እግሩ የዛለ፣ ሽንቱን መቈጣጠር ያቃተው፣ ወይም ወድቆ የተጎዳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ መድረስ ይገባዋል። ከነዚህ ምልክቶች ነፃ የሆነው ግን ሐኪሙ አውቆለት ቢታሸም፣ በሙቀት ወገቡን ቢያፍታታም፣ ከሁሉም በላይ ሳይተኛ ቢንቀሳቀስ ይጠቀማል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ሁለቱ ጥበባት በታመመው ሰው አጠገብ ሊገናኙ ይችላሉ፤ የሚገናኙትም በሽተኛው እውነቱን ሳይፈራ ሲናገር፣ ሐኪሙም ሳይሳለቅ ሲሰማ ነው።