የባሕር አውሎ ነፋስ እና የኢትዮጵያ ደጋ

የባሕር አውሎ ነፋስ በሞቃት ውቅያኖስ ላይ ተወልዶ እየተሽከረከረ የሚጓዝ ግዙፍ የነፋስና የዝናብ ማዕበል ነው። በአትላንቲክ ሀሪኬን፣ በምዕራብ ፓሲፊክ ታይፉን፣ በሕንድ ውቅያኖስ ሳይክሎን ይሉታል፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። ሀሪኬን ለመባል ነፋሱ በሰዓት ቢያንስ 119 ኪሎ ሜትር መፍጠን አለበት። ጉልበቱን የሚያገኘው ከባሕሩ ሙቀት ነው። የላይኛው ውኃ 26.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሲሞቅ ብዙ እንፋሎት ይነሳል። እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ሲሆን የያዘውን ሙቀት ይለቃል፤ ሙቀቱም አየሩን ይበልጥ ሽቅብ ይገፋዋል፤ ከሥር ደግሞ ሌላ እርጥብ አየር እየተሳበ ይገባል። የሚገባውን አየር የምድር መዞር ስለሚያጣምመው ሁሉም መሽከርከር ይጀምራል። መካከሉ ላይ «ዓይን» የሚባል ጸጥ ያለ ቦታ ይፈጠራል፤ እጅግ ኃይለኛው ነፋስ ያለው ዓይኑን በከበበው የደመና ግድግዳ ውስጥ ነው።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ለሚያድግ ልጅ ይህ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስለው ይችላል። በነፋሱ በኩል እውነቱን ነው። ማዕበሉ የብስ ሲረግጥ እንፋሎቱ ይቋረጥበታል፤ ተራራ ሲገጥመው ደግሞ ይበልጥ ይፈራርሳል። ስለዚህ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጠውን የመንዝን ጓሳ የመታ የባሕር አውሎ ነፋስ የለም። በክረምት የቤት ክዳን የሚገነጥለው ነፋስና ገብሱን የሚያጋድመው በረዶ የነጎድጓድ ደመና ሥራ ነው፤ አንድ ቀበሌ መትቶ ሌላውን ሊተው ይችላል፣ ዕድሜውም በሰዓት ይቆጠራል። የባሕር አውሎ ነፋስ ግን በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ ለቀናትም ይቆያል። ነፋሱ ስላልደረሰ ጥፋቱም አይደርስብንም ማለት ግን ስሕተት ነው። የማዕበል ጥፋት በሁለት መንገድ ከነፋሱ አልፎ ይሄዳል፤ አንዱ ዝናቡ ነው፣ ሁለተኛው ዝናቡ የሚያስፈለፍለው ነገር ነው።

የመጀመሪያው በግንቦት 2010 ዓ.ም. ታይቷል። ሳጋር የተባለው ሳይክሎን በኤደን ባሕረ ሰላጤ አልፎ ግንቦት 11 ቀን ሶማሌላንድን መታ። ነፋሱ ቶሎ ደከመ፤ ዶፉ ግን ጅቡቲን አጥለቀለቀ፣ ምሥራቅ ኢትዮጵያም ደረሰ። ሁለተኛው መንገድ ረዘም ያለ ነው፤ ለደጋው ሰው የሚቀርበውም እሱ ነው። ሳጋር ካለፈ ከስድስት ቀን በኋላ መኩኑ የተባለው ሳይክሎን በኦማን ሰላላ አጠገብ ወደ የብስ ወጣ፤ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ሉባን በየመን ተከተለ። ሁለቱም ያዘነቡት ሰው እምብዛም በማይደርስበት፣ ዝናብ ብርቅ በሆነበት የአረቢያ በረሃ ነበር። የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው፤ የሚፈለፈለው ኩብኩባ ደግሞ የሚበላው ለምለም ይፈልጋል። ማዕበሎቹ ሁለቱንም ሰጡት። በሦስት ወር ገደማ አንድ ትውልድ እስከ ሃያ እጥፍ ሊበዛ ስለሚችል፣ ማንም ሳያየው መንጋ ሆነ።

መንጋው በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከየመን ተሻግሮ ኢትዮጵያ ገባ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ይበላል። እስከ ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ድረስ በአገሪቱ 200,000 ሄክታር ገደማ እርሻ ተጎድቶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ከደጋው ሥር ባሉት የምሥራቅ አማራ ቆላዎች ማሽላው ፍሬ ይዞ፣ ጤፉ ሊታጨድ ሲል ደረሰ። ገበሬው ከነልጆቹ ማሳው ውስጥ ቆሞ ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ያባርረው ነበር። አንበጣ ሌሊት ቁጥቋጦና ዛፍ ላይ ደንዝዞ ያድራል፣ የሚነሳውም ፀሐይ ሲሞቀው ነው፤ መድኃኒት የሚረጩ ሰዎች ማለዳን የሚመርጡት ለዚህ ነው።

አንበጣ በኢትዮጵያ ድሮም ነበረ፤ ታዲያ ማዕበሉን ለምን እንከሳለን? የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 የደረሰው ወረራ 167,000 ቶን እህል አጥፍቷል፤ ሳይክሎን ባይኖርም በረሃ ላይ ሌላ ዝናብ ሊዘንብ ይችላል። በየመን የነበረው ጦርነትም መከላከሉን አሰናክሏል፤ ስለዚህ ማዕበሉ ብቸኛው ምክንያት አይደለም። ነገር ግን በአንድ ዓመት ሁለት ሳይክሎን ያንኑ በረሃ ባያረጥቡት ኖሮ ያን ያህል መንጋ በተከታታይ ትውልድ ሊራባ አይችልም ነበር። የአረቢያ ባሕር እየሞቀ መሆኑ ሥጋቱን ያከብደዋል። ኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም. በሶማሊያ ራስ ሀፉን የገባው ጋቲ፣ በዚያች አገር ከተመዘገቡት ሁሉ ኃይለኛው ሳይክሎን ነበር፤ የጣለው ዝናብም መንጋው ገና ሳይጠፋ አዲስ መራቢያ ከፈተለት። በባሕሩ ዳር የፈረሱ ቤቶችንና የሞቱ ሰዎችን ብቻ የሚቆጥር መዝገብ፣ ከወራት በኋላ ከባሕር ርቆ የተበላውን ማሽላ አይጨምርም፤ የጥፋቱን መጠን የሚያሳንሰውም ይህ ነው።