«ካለ» የምትለው ቃል

እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ነው። ልጠይቃት ሄጄ ሳለ፣ አንድ ማታ ልጇ ከሥራ ሲመለስ ወፍራም ፖስታ ይዞ መጣና የያዘውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። «ጋሼ፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ጽሑፍ ስትመረምር የኖርክ ሰው አይደለህ? እስቲ ይህን አንብብና የቱ ላይ እንደዋሹኝ አሳየኝ» አለኝ።

ወረቀቶቹ ከዓመታት በፊት የሕክምና ረዳትነት ለመማር የተመዘገበበት ኮሌጅ የሰጠው ናቸው። ልጁ ቀን ቀን መኪና ማቆሚያ ውስጥ እየሠራ፣ ማታ ማታ ይማር ነበር። አልቻለውም፤ አቋረጠ። ከዓመት በላይ ቆይቶ ኮሌጁም በሩን ዘጋ። ኮሌጅ ሲዘጋ የተማሪዎቹ ብድር የሚሰረዝበት ሕግ በአሜሪካ አለ። የእህቴ ልጅ ግን ቀድሞ ያቋረጠ ስለሆነ አልደረሰውም። ኮሌጁ ሞተ፣ ዕዳው በሕይወት ቆየ።

መነጽሬን አድርጌ እስከ እኩለ ሌሊት አነበብኩ። ሁሉም ነገር ተጽፏል። ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ቢያቋርጥ ስንት እንደሚመለስለት፣ በግቢው ውስጥ ስንት ወንጀል እንደተፈጸመ፣ ከገቡት ተማሪዎች በመቶ ስንቱ እንደሚጨርሱ ሳይቀር ሰፍሯል። ግርጌው ላይ የልጁ ፊርማ አለ። ውሸት ፈልጌ አጣሁ። ውሸት ባገኝ ኖሮ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

አገሬ ከተመለስኩ በኋላ የዚያን የወረቀት ክምር ታሪክ ማገላበጥ ያዝኩ። ኮሌጅ ለተማሪው ስለ ራሱ እውነቱን ይናገር ዘንድ በሕግ የተገደደው እንዴት ነው? ያገኘሁትን ላጫውታችሁ። (ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከወታደር ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጁን 22 ቀን 1944 በፈረሙት ሕግ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሚመለስ ወታደር መማር ከፈለገ መንግሥት በዓመት እስከ 500 ዶላር የትምህርት ክፍያውን ይሸፍንለታል፣ የኑሮ ድጎማም ይሰጠዋል ተባለ። 2.2 ሚሊዮን ያህል ተመላሾች ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ከእነርሱ የሚበልጡት ደግሞ ወደ ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ሄዱ። አሜሪካ እስከ ዛሬ ከምትኮራባቸው ሕጎች አንዱ ነው።

ነገር ግን ማር ባለበት ዝንብ አይጠፋም። ገንዘቡ ከመንግሥት ካዝና በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄድ ስለነበር፣ ትናንት ያልነበሩ የሙያ ትምህርት ቤቶች ዛሬ እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ተማሪው ይማር አይማር፣ ሥራ ያግኝ አያግኝ የሚጠይቅ የለም። የተመዘገበው ወታደር ቁጥር ብቻ ይበቃል። ጉዳዩ እየከረፋ ሲሄድ ምክር ቤቱ በቴክሳሱ ተወካይ በኦሊን ቲግ የሚመራ መርማሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰውየው ራሱ በጦርነቱ የቆሰለ ወታደር ነበር።

ከምርመራው በኋላ በ1952 ለኮሪያ ዘማቾች የወጣው ሕግ አንዲት ብልሃት ይዞ መጣ። በአንድ የትምህርት ዘርፍ ከሚማሩት መቶ ተማሪዎች መንግሥት የሚከፍልላቸው ዘማቾች ከ85 መብለጥ የለባቸውም አለ። ቢያንስ 15ቱ መንግሥት የማይከፍልላቸው መሆን አለባቸው። ሐሳቡ የገበያ ሰው ሐሳብ ነው። ትምህርቱ እውነት የሚረባ ከሆነ፣ ከገዛ ኪሱ አውጥቶ የሚገዛው ሰው አይጠፋም። አንድም ሰው በራሱ ገንዘብ የማይገዛውን ዕቃ መንግሥት ስለምን ይገዛል? ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ ለተማሪው ምንም አልተነገረውም። ሕጉ ያጠረው የመንግሥትን ኪስ እንጂ የተማሪውን ዓይን አልገለጠም።

ኖቬምበር 8 ቀን 1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ወደ ተማሩበት ኮሌጅ፣ ቴክሳስ ውስጥ ወደምትገኘው ሳን ማርኮስ ሄደው የከፍተኛ ትምህርት ሕጉን ፈረሙ። ጆንሰን በወጣትነታቸው ኮቱላ በምትባል ትንሽ ከተማ የድሃ ሜክሲኳውያን ልጆችን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከእንግዲህ ዕርዳታውና ብድሩ ለዘማች ብቻ ሳይሆን አቅም ላነሰው ሁሉ ሆነ። በ1972 ሕጉ ሲሻሻል ለትርፍ የተቋቋሙ ትምህርት ቤቶችም የማዕዱ ሙሉ ተካፋይ ሆኑ። በወታደሮቹ ጊዜ የታየው ጨዋታ ተመልሶ መጣ። ልዩነቱ አሁን የሚከስረው መንግሥት ብቻ አለመሆኑ ነው። ብድር የተማሪው ዕዳ ነውና ተማሪውም አብሮ ይከስራል።

እንግዲህ «ለተማሪው ይነገረው» የሚል አንቀጽ በፌዴራል ሕግ ውስጥ የገባው በ1976 ነው። ተማሪው ሸማች ነው፤ ሸማች ደግሞ የሚገዛውን ማወቅ አለበት የሚል አስተሳሰብ ነው። ዘመኑ ሲጋራው ፓኮ ላይ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት፣ ባንኮች የብድር ወለዳቸውን በግልጽ እንዲናገሩ የተገደዱበት ነበር። ኮሌጆችም ተራቸው ደረሰ። ክፍያን፣ የዕርዳታ ዓይነቶችን፣ የገንዘብ ተመላሽ ደንብን ለሚጠይቅ ተማሪ እንዲያስረዱ ታዘዙ። ስንቱ ተማሪ ትምህርቱን እንደሚጨርስስ? እሱም ተጠቅሷል። ግን አንዲት ቃል ተጨምራበታለች፦ መረጃው «ካለ»።

የሥነ ጽሑፍ መምህር በነበርኩበት ዘመን ተማሪዎቼን ሰምና ወርቅ ሳስተምር፣ ኅብረ ቃሉን ፈልጉ፣ ቅኔው የተቆለፈው እዚያ ነው እል ነበር። የዚህ አንቀጽ ኅብረ ቃል «ካለ» ናት። ሰሙ፣ ኮሌጁ መረጃው ካለው ለተማሪው ይንገር ነው። ወርቁ ሌላ ነው። ያልቆጠረ መረጃ የለውም፣ መረጃ የሌለው አይጠየቅም፣ ስለዚህ አለመቁጠር ያዋጣል። ለ14 ዓመታት ይህች አንዲት ቃል በር ላይ ተቀምጣ ዘበኛ ሆነች።

ዘበኛዋን ከበሩ ያስነሷት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ስፖርት ነው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የቅርጫት ኳስና የእግር ኳስ ተጫዋቾች ለግቢያቸው ብዙ ገንዘብ ያስገኛሉ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ግን ዲግሪ ሳይዙ ይወጡ ነበር። የኒው ጀርሲው ሴናተር ቢል ብራድሊ ራሱ ስመ ጥር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበርና ነገሩን ከውስጥ ያውቀዋል። ዩኒቨርሲቲዎች ከስፖርተኞቻቸው ስንቱ እንደሚመረቅ ይናገሩ ብሎ ተነሳ። የስፖርተኛው ከተነገረ ደግሞ የሌላው ተማሪ ለምን ይቀራል? ተባለና ጥያቄው ሰፋ።

ሁለተኛው ሞት ነው። ጂን ክሌሪ የ19 ዓመት ወጣት ነበረች። ኤፕሪል 5 ቀን 1986 በፔንሲልቫኒያው ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ፣ ዶርሟ ውስጥ ተኝታ ሳለች አንድ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ገብቶ ደፍሮ ገደላት። እንዲዘጉ የተሠሩት የሕንፃው በሮች ያን ሌሊት ክፍት ሆነው ነው የተገኙት። ወላጆቿ ኮኒና ሃዋርድ ክሌሪ በኋላ እንደተረዱት፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት በግቢው ውስጥ 38 የኃይል ወንጀሎች ተፈጽመው ነበር። ማንም አልነገራቸውም። ልጃቸውን ሲልኩ የሚያውቁት ያማረ ግቢ ነው። ዩኒቨርሲቲውን ከሰሱ፤ ከክሱ ባገኙት ገንዘብ ድርጅት አቁመው፣ ሐዘናቸውን ተሸክመው የምክር ቤት ደጅ ይጠኑ ጀመር።

ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ሕግ ተጠቃለሉ። የተማሪን የማወቅ መብትና የግቢን ደኅንነት የሚመለከተውን ሕግ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ ትልቁ፣ የፈረሙት ኖቬምበር 8 ቀን 1990 ነው። ጆንሰን ሳን ማርኮስ ላይ ከፈረሙ ድፍን 25 ዓመት ሆነ ማለት ነው። የግቢ ወንጀልን የሚመለከተው ክፍል ከ1998 ጀምሮ በጂን ክሌሪ ስም ይጠራል። የእህቴ ልጅ ፖስታ ውስጥ ያገኘሁት የወንጀል ሠንጠረዥ የዚህች ልጅ ነው። እሱ ገልብጦት አልፏል። እኔም ታሪኩን ባላውቅ አልፈው ነበር።

ከ1990 ወዲህ «የለኝም» ማለት ቀረ። ኮሌጅ ሁሉ ከገቡት ስንቱ እንደጨረሱ መቁጠርና መናገር ግዴታው ሆነ። ታዲያ ችግሩ ተፈታ? ወዳጆቼ፣ አሁን ነው ጥንቃቄ የሚያሻው። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላ በር ተከፈተ፤ እሱም የአቆጣጠሩ በር ነው። በሕጉ መሠረት የሚቆጠረው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ የገባና በሙሉ ጊዜ የሚማር ተማሪ ነው። ጨረሰ የሚባለው ደግሞ ከመደበኛው ጊዜ በአንድ ተኩል እጥፍ ውስጥ ካጠናቀቀ ነው። የአራት ዓመቱን በስድስት፣ የሁለት ዓመቱን በሦስት ዓመት መሆኑ ነው። ከሌላ ኮሌጅ ተዛውሮ የመጣ አይቆጠርም። ቀን እየሠራ ማታ ጥቂት ኮርስ የሚወስድም አይቆጠርም።

እነዚህ ደግሞ ጥቂት ሰዎች አይደሉም። በሥራ የሚተዳደረው፣ ልጅ የምታሳድገው፣ ከባሕር ማዶ መጥቶ ኑሮን ከዜሮ የጀመረው ከእነዚህ መካከል ነው። ክፍተቱ ስለታወቀ ባለፉት ዓመታት ሌሎች ቁጥሮች ተጨምረዋል። በ2008 የወጣው ማሻሻያ፣ ኮሌጆች ተማሪው ዕርዳታው ተቀንሶለት በእርግጥ የሚከፍለውን የሚያሰላ መሣሪያ ድረ ገጻቸው ላይ እንዲያኖሩ አዘዘ። ያው ሕግ ግን መንግሥት እያንዳንዱን ተማሪ የሚከታተል አገር አቀፍ መዝገብ እንዳያቋቁም ከለከለ። ምክንያቱ የግል ምስጢር ጥበቃ ነው ተባለ። በ2015 የኦባማ መንግሥት፣ የፌዴራል ዕርዳታ የተቀበሉ ተማሪዎች ከኮሌጅ ከወጡ በኋላ ስንት እንደሚያገኙ የሚያሳይ ሰፊ መረጃ ለሕዝብ ከፈተ። ለኮሌጆቹ ደረጃ ሊሰጥም አስቦ ነበር፤ ተቃውሞው ሲበረታ ተወው።

ሕግ እየተራቀቀ ሲሄድ የሚያመልጡትም ተራቀቁ። በ1863 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተመሠረተው ሂልድ የተባለ ኮሌጅ፣ ኮሪንቲያን በተባለ ኩባንያ ሥር ሆኖ ሳለ፣ ተመራቂዎቼ በሙያቸው ሥራ ይዘዋል እያለ የሚያወጣው ቁጥር በ2015 በትምህርት መሥሪያ ቤቱ ሲመረመር ጉድ ተገኘ። አንዲት በሒሳብ አያያዝ የተመረቀች ልጅ በሙያዋ ተቀጥራለች ተብሎ ተመዝግቧል። ሥራው ግን ከመመረቋ ከዓመታት በፊት፣ በ2006፣ የጀመረችው የፈጣን ምግብ ቤት ሥራ ነው። ኮሌጁ ለቀጣሪ ድርጅቶች እየከፈለ፣ የራሱን ተመራቂዎች በራሱ ግቢ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ኮምፒውተር ያሸክማቸውና «ሥራ ያዙ» ብሎ ይቆጥራቸው ነበር። 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተቀጣ፤ በዚያው ወር ኩባንያው ተዘጋ። (የእህቴ ልጅ የተማረበት ይህኛው አይደለም።) በ2022 መንግሥት የኮሪንቲያን ተማሪዎች የነበሩ የ560 ሺህ ሰዎችን 5.8 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ሰረዘ።

ይህ የድሃ ኮሌጅ ነውር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያው በ2022 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ማይክል ታዲየስ፣ የገዛ ዩኒቨርሲቲያቸው ደረጃ ለሚያወጣ መጽሔት የላከውን መረጃ አንድ በአንድ ፈትሸው ስህተቱን አወጡት። ዩኒቨርሲቲው ስህተት መኖሩን አመነ፤ ከሁለተኛ ደረጃ ወደ 18ኛ ወረደ።

ስለ እኛ አገር አንድ ነገር ሳልል ብዘጋ «የሰው አገር ሐሜተኛ» መባሌ አይቀርም። የግል ኮሌጅ እኛ ዘንድም ብዙ በጎ ሥራ ሠርቷል፤ መንግሥት ያልደረሰለትን ስንት ወጣት አስተምሯል። ነገር ግን ለረጅም ዘመን ወላጅ በማስታወቂያ ላይ የሚያነበው «ዕውቅና ያለው» የሚለውን ቃል ነበር። በ2023 የክረምት ወራት፣ በእኛ ሐምሌ 2015፣ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ውጤት ሲነገር፣ ከግል ተቋማት ከተፈተኑት 72,203 ተማሪዎች ያለፉት 12,422 ብቻ ሆኑ፤ 17 በመቶ ማለት ነው። ከመንግሥት ተቋማት ደግሞ 62 በመቶ ያህሉ አለፉ። ብዙ ወላጅ ቁጥሩን የሰማው ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ነው። ቁጥሩም ቢሆን የሚናገረው ለፈተና ስለተቀመጡት ነው። በመንገድ የቀሩት፣ እንደ እህቴ ልጅ አቅቷቸው የተመለሱት እዚያ ውስጥ የሉም።

ስለዚህ ልጃችሁን ይዛችሁ ወደ መዝጋቢው ቢሮ ስትሄዱ ከክፍያው ቀጥላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። በዚህ ትምህርት ከገቡት መቶ ተማሪዎች ስንቱ ጨረሱ? በምትነግሩኝ ቁጥር ውስጥስ ልጄን የሚመስለው ተማሪ ተቆጥሯል ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ቃል ስለገባሁ ለእህቴ ልጅ ደወልኩለት። «ፈልጌ ውሸት አላገኘሁም። እነሱ አልዋሹህም፤ አልቆጠሩህም እንጂ። ያ ቁጥር የሚያወራው ሙሉ ቀን ስለሚማር ሰው ነው፤ አንተ ደግሞ የማታ ተማሪ ነበርክ» አልኩት። ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ ጋሼ፣ ካልቆጠሩኝ ፊርማዬን ምን ሊያደርጉት ፈለጉት?» አለኝ።

ፊርማው ነግረነዋል ለማለት ነው። ይህን ልመልስለት ብዬ፣ ዕዳውን የሚከፍለው እሱ መሆኑ ትዝ ሲለኝ፣ እናቱን ሰላም በልልኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።